ሾዴ አንደኛ ያለው ቤዝ ተጫዋች

ሾዴ ሽሮ ሜዳ ተወልዶ ሽሮ ሜዳ ያደገ ሸማኔ ነው። አባቱ ከዶርዜ መጥተው ወደ እንጦጦ ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ግርጌ ጎጆ ቀለሱ፤ እሱም እግሩ የሸማ ዕቃው መርገጫ ላይ ሲደርስለት የሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ መሸመን ጀመረ። ቀን ቀን ነጠላ ይሠራል፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ የቀበሌያችን የኪነት ቡድን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው። እኔ ጌጡ፣ ድራም መቺው ነበርኩ። መድረክ ላይ ከኋላ የሚቆሙ ሁለት ሰዎች ወይ ይጣላሉ ወይ ወንድማማች ይሆናሉ። እኛ ሁለቱንም ሆነናል። የምንጣላው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በዓለም ላይ አንደኛው የሮክ ቤዝ ተጫዋች ማን ነው?

ክርክሩ የሚካሄደው አዲሱ ገበያ፣ ጋሽ ታረቀኝ ሻይ ቤት ውስጥ ነው። ጋሽ ታረቀኝ በጃንሆይ ጊዜ አስመራ፣ ቃኘው የአሜሪካኖቹ ጣቢያ አስተናጋጅ ነበር። ከዚያ ሲመለስ ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ሳጥን ሸክላና አንድ ማጫወቻ ነው። ነገሩ በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ቀይ ሽብር ጋብ ብሏል፣ ፍርሃቱ ግን ጋብ አላለም። የኢምፔሪያሊስት ሙዚቃ ከፍቶ መስማት ጣጣ ነበረው። ስለዚህ ጋሽ ታረቀኝ ደንበኛ ሲሳሳ በሩን ገርበብ ያደርግና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያጫውትልናል። ድምፅ ዝቅ ሲል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ቤዙ ነው።

መላውን የዘየደው ሾዴ ነው። ማጫወቻውን የእንጨቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መዳፉን ከጎኑ ዘረጋ።

«በጆሮህ አትፈልገው፤ በእጅህ ስማው» አለኝ።

እውነትም ቤዙ በጣውላው ውስጥ ሲሄድ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ሦስት ጎልማሶች እጃችንን ጠረጴዛ ላይ ጥለን፣ ዓይናችንን ጨፍነን እንቀመጥ ነበር። የሚያየን ሰው ጸሎት ላይ ነን ቢል አልፈርድበትም።

«አንደኛ ኢንትዊስል ነው» ይላል ሾዴ። «የባንዱ ጓደኞቹ መድረክ ላይ ይዘላሉ፣ ዕቃ ይሰባብራሉ። እሱ እንደ ምሰሶ ቆሞ ቤቱን ይሸከማል። ሁለተኛ ጃክ ብሩስ፣ ሦስተኛ ጆን ፖል ጆንስ፣ አራተኛ ማካርትኒ። በቃ!»

«ማካርትኒን አራተኛ? የሱ ቤዝ እኮ ይዘፍናል!» እላለሁ እኔ።

«ቤዝ መዝፈን ምን አገባው? ደግሞ ግራኝ ነው። የሸክላው ልባስ ላይ አላየኸውም? ጊታሩን የያዘው በተቃራኒው ነው።»

ጋሽ ታረቀኝ በጃክ ብሩስ አይደራደርም። «በልጅነቱ ቼሎ የተማረ ሰው ነው፤ ወታደሮቹ ሲያወሩ ሰምቻለሁ» ይላል።

«ከጉለሌስ አንደኛው ማን ነው?» ብዬ ሳሾፍ ሾዴ ፈገግ እንኳ ሳይል «ከጉለሌማ እኔ ነኝ» ይለኝ ነበር። ደግሞም ልክ ነው፤ ተወዳዳሪ አልነበረውም።

መጋቢት ላይ ከአዲሱ ገበያ ወረድ ብላ የነበረች አንዲት የጴንጤዎች ጸሎት ቤት ታሸገች። ወንበሩ ለመሰብሰቢያ አዳራሽ፣ የሙዚቃ መሣሪያው ለኪነት ቡድኑ ተባለ። እኛ ከየት መጣ አላልንም፤ በዚያን ጊዜ ከየት መጣ አይባልም። ሾዴ እስከዚያ ድረስ የሚጫወተው በተዋሰው ተራ ጊታር ላይ አራት ክር ወጥሮ ነበር። እውነተኛ ቀይ ቤዝ ጊታር ሲሰጡት እጁን በልብሱ ጠርጎ ተቀበለ።

ነገር ግን ሲይዘው ግራ ተጋባ። ወፍራሙ ክር ከላይ መሆን ሲገባው ከታች ነው። ቀለሙም የተላጠው የሱ ክንድ በማያርፍበት በኩል ነው።

«ጌጡ፣ ይሄ ጊታር የግራኝ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ።

ክሮቹን ፈታና በራሱ ወግ መልሶ ወጠራቸው። ለሜይ ዴይ በዓል ተጫወትንበት፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ፣ ከልምምድ መልስ ጋሽ ታረቀኝ ዘንድ ተቀምጠናል። ጊታሩ ግድግዳ ተደግፏል። አንዲት ወጣት ከዝናቡ ልትጠለል ገባች። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽርጥ ለብሳለች፣ ጸጉሯ ረጥቧል። ጊታሩን ስታየው በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ቀጥ ብላ ወደኛ መጣች።

«ይቅርታ፣ ይሄን ጊታር አንድ ጊዜ ልየው?»

«የመንግሥት ንብረት ነው፣ እህቴ። አይነካም» አላት ሾዴ።

«ክሮቹን ገልብጠሃቸዋል አይደል?»

ሾዴ ክው አለ። ያንን ከኔና ከሱ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«የማነው?» አላት።

«የኔ ነበር። መሰለች እባላለሁ፤ የአቶ ዋቅቶላ ልጅ። የታሸገችው ጸሎት ቤት ዘማሪ ነበርኩ። እሱን የሰጠኝ ወደ አገሩ የተመለሰ ሚሲዮናዊ ነው።»

እኔ ሳቅኩ። እውነቱን ለመናገር ሴት ቤዝ ስትጫወት አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ሾዴ ግን አልሳቀም። የተላጠውን ቀለም አየ፣ ግራ ክንዷን አየ፣ ጊታሩን አንስቶ ሰጣት።

ክሮቹን ፈትታ መልሳ ስትወጥር ጸጉር የምትሠራ ትመስል ነበር። ሲያልቅ የጊታሩን አናት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስደገፈችና በግራ እጇ መታችው። ኤሌክትሪክ የለ፣ አምፕሊፋየር የለ። መዳፋችንን ዘረጋን።

ዜማው መዝሙር ይመስላል፤ አላውቀውም። የማውቀው ጣውላው ሕይወት እንደዘራ ነው። ብርጭቆዎቹ ማንጎራጎር ጀመሩ። ድምፁ ይረጋል፣ ይሮጣል፣ ይወድቃል ስትል ከሥር ይይዝሃል። ሾዴ እንደተቃጠለ ሰው እጁን ብድግ አደረገና እንደገና መልሶ ጣለው። ፊቱ አመድ መስሏል።

ስትጨርስ ጋሽ ታረቀኝ ወደ ሾዴ ዞረ።

«እህ፣ ሾዴ፣ ይቺን ስንተኛ እናድርጋት?»

«አንደኛ» አለ ሾዴ።

«ከኢንትዊስልም በላይ?»

«አንደኛ አልኩህ!»

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ደግሞ እኔን አስደነገጠኝ። ጋቢውን አወለቀና ጊታሩን ጠቀለለበት። «ውሰጂው» አላት። «ያንቺ ነው።»

«አብደሃል?» ብዬ ክንዱን ያዝኩት። «ምን ብለህ ልትመልስ ነው?»

«ጠፋብኝ እላለሁ።»

እሷ በመጀመሪያ እምቢ አለች። ኋላ ግን እንባዋ መጣ፣ ጠቅልላ ያዘችውና ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሾዴ በድሮው ተራ ጊታር ይለማመድ ነበር፤ ጳጉሜ ላይ ለአብዮት በዓል ዝግጅት የቀበሌው ንብረት ሲቆጠር ጊታሩ ታጣ። ሾዴ እንዳለው «ጠፋብኝ» አለ። ያንኑ ዕለት ቀበሌ እስር ቤት አስገቡት።

የሆነውን ኋላ ራሱ ነግሮኛል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሰው በየተራ ነው የሚተኛው። አባ ኃይለ መለኮት የሚባሉ በገና ደርዳሪ ሽማግሌ ከስብሰባ ቀርተው ታስረዋል። ቀኑ እንዲያልፍ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ይተርካል። የሾዴ ተራ ሲደርስ የሚያውቀውን ተረከ፦ የቤዝ ተጫዋቾችን ደረጃ። ሰምተዋቸው ለማያውቁ ሰዎች የእያንዳንዱን ስልት በአፉ እያንጎራጎረ፣ ወለሉን በመዳፉ እየመታ ያስረዳል።

«ይሄ እኮ የበገና ታናሽ ወንድም ነው» አሉት አባ ኃይለ መለኮት። «ለመሆኑ የሁሉ አለቃ የትኛው ነው?»

«አራቱን ነገርኳችሁ፣ አባቴ። ከአራቱ በላይ እዚሁ ጉለሌ አንድ አለ። ስሙን ግን አልናገርም።»

ስሙን ቢናገር ጊታሩ የት እንዳለ መናገሩ ነው። ከእስረኞቹ መሃል ግን ወሬ አቀባይ ነበረ። በማግስቱ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ በድሉ አስጠራው።

«አራት የውጭ አገር ሰዎች ስም ጠርተሃል» አለው። «ኢንት... ምንድን ነው እሱ... ብሩስ፣ ጆንስ። ሲ.አይ.ኤ. ናቸው። ከነሱ በላይ ደግሞ እዚሁ ጉለሌ ውስጥ ያለ መሪ አላችሁ። ማን ነው?»

ሾዴ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሙዚቀኞች ናቸው» አለ።

«አንደኛውም ሙዚቀኛ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ስሙን ተናገራ!»

ሾዴ አልተናገረም። ውስጥ እግሩን ገረፉት። መርገጫ የሚረግጥበትን፣ እንጀራ የሚበላበትን እግሩን። በማግስቱም ደገሙት። የጠየቁት ያንኑ ነው፣ «አንደኛው ማን ነው?» እሱም የመለሰው ያንኑ ነው።

ስንቅ ላቀብል ስሄድ በሁለት ሰው ትከሻ ተንጠልጥሎ ሲያልፍ አየሁት። የያዝኩት ሳህን ከእጄ ወደቀ። ዘበኛው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ጓደኛህ የኅቡዕ ድርጅት መሪ ደብቋል። ወደ በላይ አካል ሊያልፍ ነው፤ ሪፖርቱ ሄዷል» አለኝ። ወደ በላይ ያለፈ ሰው ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። እየሮጥኩ ጋሽ ታረቀኝ ዘንድ ሄድኩ። እሱ እንደሰማ ኮቱን ደርቦ ወጣ። ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ቀበሌው ግቢ ውስጥ ለበዓሉ እየተለማመድን ነው። የግቢው በር ተከፈተ። መሰለች በጋቢ የተጠቀለለ ነገር በትከሻዋ ተሸክማ ገባች። ዱላዎቼ በእጄ ላይ ቀሩ። በሊቀመንበሩ መስኮት ሥር ነበርኩና ሁሉን ሰማሁ፣ አየሁም።

«ሾዴ አንደኛ ያለው ሰው እኔ ነኝ» አለች።

ጓድ በድሉ ከወረቀቱ ቀና አለ። «የምን አንደኛ?»

«ቤዝ ጊታር በመጫወት።» ጋቢውን ፈታችው። «ጊታሩም ይኸው። የኔ ነው፤ ከጸሎት ቤታችን ነው የወሰዳችሁት። እነዚያ አራቱ እንግሊዝ አገር ያሉ ሙዚቀኞች ናቸው። ጉለሌ የሚባል አገር መኖሩንም አያውቁ።»

«አንቺ? አንቺ ነሽ አንደኛ?»

«እሱ ነው ያለው። እኔ አላልኩም።»

«እስቲ ተጫወቺ!»

የጊታሩን አናት ጠረጴዛው ላይ አስደገፈችና መታችው። የመስኮቱ መስታወት ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ዘበኞቹ በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ጓድ በድሉ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዳሳረፈ ዓይኑ ፈጦ ቀረ። እኔ ለቅጽበት ተስፋ አደረግኩ፤ ይሄ ሰው አሁን ይስቃል፣ «ሂዱ ወደዚያ» ይላቸዋል አልኩ። ድንገት እጁን አነሳ።

«ሪፖርት አስተላልፌያለሁ እኮ» አለ፣ ለራሱ የሚናገር መስሎ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ምርጫ አለሽ። ከዛሬ ጀምሮ የኪነት ቡድኑ አባል ትሆኛለሽ፤ ያለዚያ የሕዝብ ንብረት በመደበቅና በተከለከለ አምልኮ ትታሰሪያለሽ።»

«የምጫወተው ለጌታዬ ነው» አለች መሰለች። ጊታሩን ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው።

«ሸማኔውን ልቀቁት። እሷን አስገቧት።»

ሾዴን ደግፌ ሳወጣው እሷን እያስገቧት በሩ ላይ ተገናኙ። እንደዚያ የደነገጠ ሰው አይቼ አላውቅም። የተገረፈ እግሩን ረስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ምነው መጣሽ? እኔ እኮ አልተናገርኩም!»

«አውቃለሁ» አለችው። «ለዚያ ነው የመጣሁት።»

መሰለች እስከ ፋሲካ ታሰረች። ሾዴ እግሩ እስኪሽር እየተንፏቀቀ፣ ከዚያም እያነከሰ ስንቅ ያመላልስ ነበር። አቶ ዋቅቶላ መጀመሪያ ቀን እስር ቤቱ በር ላይ ሲያገኙት አላመኑትም፤ የኪነት ሰው ለጴንጤ እስረኛ ምግብ ይዞ! ኋላ ግን በየተራ ማቀበል ጀመሩ፣ አንድ ቀን እሳቸው፣ አንድ ቀን እሱ። ቀዩ ጊታር ወደ ቀበሌው መጋዘን ተመልሶ ገባ። ሾዴ እንዲጫወት ሲታዘዝ «ጣቴ አይታዘዝልኝም» አለ። ሌላ ተጫዋች አልተገኘም፤ ጊታሩም ዘይትና ስኳር መሃል ተቀምጦ እርጥበት አንገቱን አጣመመው፣ ከዚያም የት እንደገባ አልታወቀም።

እሷ በተፈታች በሁለተኛው ወር ሾዴ ሽማግሌ ላከ። እኔና ጋሽ ታረቀኝ ነበርን። አቶ ዋቅቶላ «ሃይማኖታችን አንድ አይደለም፤ ሰውየውን ግን እግዚአብሔር ነው የላከው። እሷ ካለች እኔ እሺ ነኝ» አሉን። እኛ ነገሩ ያለቀ መስሎን ስቀን ወጣን።

እሷ ግን እምቢ አለች። ራሷ ሽሮ ሜዳ ድረስ መጥታ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጣ ነገረችው። «እግርህን ባየሁ ቁጥር እየደነገጥኩ ቤት ልሠራ አልችልም፣ ሾዴ» አለችው። «አንተም እኔን ባየህ ቁጥር ያ ክፍል ይታይሃል።» ሾዴ መወርወሪያውን ከእጁ አስቀመጠ። ማንም ባልጠበቀው ነገር ደነገጠ፤ ከግርፋቱ ይልቅ ያ ቀን እንደከበደው ነግሮኛል። ሳምንት ሙሉ አልሸመነም።

በሁለተኛው ዓመት የሌላ ሠፈር ልጅ ሰርኬን አገባ። ስለ እስሩ አንድም ቀን አልነገራትም፤ ስለ እግሩ የወፍጮ ድንጋይ ወደቀብኝ ብሏት ነበር። ሰርጉ ላይ መሰለች ከአባቷ ጋር መጣች። በላች፣ መረቀች፣ ልትሄድ ስትል ሙሽሪት አጠገብ ጎንበስ አለች።

«ጥሩ ሰው ነው ያገኘሽው» አለቻት። «ይሄ ሰው ቢገርፉትም ስም አይናገርም።»

የሰርኬ ፈገግታ ጠፋ። መሰለች ርቃ እስክትሄድ ጠበቀችና ወደ ሾዴ ዞረች።

«ማን ነው የገረፈህ?» አለችው። «የማንን ስም?»

ሾዴ የጎረሰውን ሳይውጥ፣ አንተ ንገራት በሚል ዓይን ወደኔ ተመለከተ።