ጋሽ ሳህሌ የሳለው ስታዲየም

በቅርቡ እምድብር የምሠራበት ክሊኒክ በሮቹን ሊያድስ ቀለም ቀቢዎች አስገብቶ ነበር። ጠዋት ከግቢው በር ሳልገባ የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሌሎቹ ነርሶች ራሳችንን አመመን እያሉ መስኮት ይከፍታሉ። እኔ ግን የክትባት ካርዶቹን እንደታቀፍኩ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ የልጅነቴ ቤት ሽታ ነው።

ወልቂጤ፣ ከመናኸሪያው ቁልቁል ሲወረድ የነበረው ቤታችን ከጋሽ ሳህሌ የታፔላ መሥሪያ ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ይጋራ ነበር። በምስማር ቀዳዳዎቹ የቀለሙ ሽታ፣ የሬዲዮው ድምፅ፣ ከደንበኞቹ ጋር የሚሰዳደበው ስድብ ሳይቀር ወደ እኛ ይገባል። እናቴ ወጡ ራሱ ቀለም ቀለም ይለኛል እያለች ትማረር ነበር። ጋሽ ሳህሌ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥፍሮቹ ሥር ሁልጊዜ ሰማያዊ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነው። የከተማው የፀጉር ቤቶች ታፔላ ላይ ያሉት ወጣቶች በሙሉ በእሱ አፍንጫ ነው የተሳሉት። የሥጋ ቤቱ ቀይ በሬ ሊታረድ ሳይሆን ሊዳር የተዘጋጀ ይመስል ፈገግ ይላል። ደንበኛ «ፊደሉ ተጣመመ» ካለው ግን አለቀለት። «የተጣመመውስ ዓይንህ ነው!» ይልና ሲለፋበት የዋለውን ታፔላ እዚያው በነጭ ቀለም ይደመስሰዋል። የመጣው ከአረቅጥ ነው። ሲናደድ አማርኛው ይጠፋበትና በጉራጊኛ ይቀጥላል። ያኔ እኛ የሰፈሩ ልጆች እግሬ አውጪኝ ብለን እንሮጣለን።

ከእሱ ጋር ተስማምቶ መኖር የቻለ ሰው ቢኖር አባቴ ነበር። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በኳስ ተቀናቃኛችን በሆነችው ቡታጅራ ተወልዶ፣ ወልቂጤ ተመድቦ መጥቶ፣ እናቴን አግብቶ በዚያው የቀረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኳስ ነበር። የከተማችን ክለብ የሚጫወተው መሀል ከተማ ባለች አሮጌ ሜዳ ላይ ነው። በበጋ አቧራዋ ተጫዋቾቹን ይደብቃል፤ ኳስ ከወጣች የምታርፈው ከሰው ጓሮ እንሰት ላይ ነው። አባቴ ጃንጥላውን ይዞ፣ ጋሽ ሳህሌ ለዳኛው ያዘጋጀውን ስድብ ይዞ፣ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስንመለስ በመንገድ የተሸነፍነው በማን ጥፋት እንደሆነ እየተጨቃጨቁ፣ እኔ መሀላቸው ሸንኮራ እያኘክሁ።

ይህ ሁሉ የተበላሸው የክለቡ ኮሚቴ አዲስ ስታዲየም ሊያሠራ ማሰቡን ያሳወቀ ጊዜ ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ሰፊ መሬት ተገኝቷል ተባለ። አሮጌው ሜዳ ደግሞ ለገበያ አዳራሽ ይሰጣል። ሕዝቡ እንዲያምን ኮሚቴው ጋሽ ሳህሌን ስታዲየሙን እንዲስል አዘዘው። እሱም መሥሪያውን ዘግቶ፣ ደንበኞቹን እያባረረ፣ በተጋጠሙ ላሜራዎች ላይ ሳለው። ሥዕሉ አሮጌው ሜዳ በር ላይ ሲተከል ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ባለ ጥላ ፎቅ፣ ዙሪያውን ነጭ ምሰሶ፣ መሀሉ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ አረንጓዴ። ከሁሉ ያስደነቀን ግን መቀመጫዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ነበሩ። ጋሽ ሳህሌ የሳላቸው እኛን ነው። ዳቦ ቤቷ ዘይነባ አለች፣ ባለባጃጁ አለ፣ ጠጉራቸው የሸሸው የወረዳው ሐኪም አሉ። አባቴ ከነጃንጥላው ከፊት ረድፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ጋሽ ሳህሌ ራሱ፣ አፉን ከፍቶ። ሰው ራሱን ፍለጋ ይጋፋል፤ ያጣ ሰው ተቀይሞ ይሄዳል።

አባቴ ሥዕሉን ረጅም ሰዓት አየው። «መልኬን አሳምረኸዋል» አለው። ስታዲየሙ ይሠራበታል የተባለውን ቦታ ግን ያውቀዋል፤ በክረምት ተማሪዎቹን ይዞ ሄዶበታል።

ስብሰባው የተጠራው እሑድ ከሰዓት በትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። እናቴ ቸርች የመዘምራን ልምምድ ስላላት አባቴ እኔን ይዞኝ ሄደ። አዳራሹ በደጋፊ ማልያ ቢጫ ሆኗል፤ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ሁሉ አለ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ለረጅም ጊዜ ተናገረ። ከዚያ አባቴ እጁን አወጣ።

«ስታዲየም የሚጠላ ደጋፊ የለም» ብሎ ጀመረ። «ግን ያ መሬት ክረምት ክረምት ውሃ ይተኛበታል። መንገድም የለውም። ይሁን፣ ይህም ይስተካከል። አዲሱ ሳያልቅ አሮጌውን ካስረከብን ግን ልጆቹ የት ነው የሚጫወቱት?»

«ተጠንቷል» አለ ሰብሳቢው።

«ጥናቱን እንየው።»

ከኋላ «እውነቱን ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው «ቁጭ በል!» የሚል ሌላ ድምፅ ዋጠው። ይህን ጊዜ ጋሽ ሳህሌ ተነሣ።

«ምን ጥናት ያስፈልጋል? እኔ ስታዲየሙን አይቼዋለሁ። እያንዳንዱን ምሰሶ አውቀዋለሁ!»

«ሳህሌ» አለ አባቴ፣ «አንተ ያየኸው ቀለም ነው።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አባቴ ለማሳቅ ያለው አይመስለኝም፤ ሳቁ ግን አላቆመም። የጋሽ ሳህሌ ፊት ሲጠቁር ከተቀመጥኩበት አየሁት። ሳቁ በረድ እስኪል ጠበቀና ያንን ቃል ተናገረ።

«ቡታጅራዎች ስታዲየም እንዲኖረን አይፈልጉም። ይኸው አንዱን ልከውልናል። ልጆቻችንን እያስተማረ፣ እንጀራችንን እየበላ፣ ልቡ ግን እዚያ ነው።»

ከዚያ «ውጣ! ውጣ!» የሚለው ጩኸት ከሁሉም አቅጣጫ መጣ። የውሃ ፕላስቲክ ተወርውሮ የአባቴን ትከሻ መታው። አንድ የራሱ ተማሪ የነበረ ወጣት ኮሌታውን ያዘው፤ የኮቱ ስፌት ሲተረተር ሰማሁት። አባቴ እጄን ይዞ በሰው መሀል እየተገፋ ወጣ። በሩ ላይ ዞር ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ ከእኔ በቀር የሰማው የለም። «ልጄን አትግፏት» ነበር ያለው።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ በሥዕሉ አጠገብ አለፍኩ። ፊት ረድፍ ላይ፣ ከጋሽ ሳህሌ ጎን፣ አባቴ የለም። በግራጫ ቀለም ተደምስሷል። ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ታች ድረስ ወርዶ የሰው እግር ላይ ተንጠባጥቧል።

ከዚያ በኋላ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። «ይሠራል» የሚሉት በአንድ ሻይ ቤት፣ «አይሠራም» የሚሉት በሌላው። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ከማንሳቱ በፊት «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። መልሱ ካልጣመው ሰውየውን ግማሽ ላጭቶ ይሸኘዋል። ፌስቡክ ላይ አባቴን ከቡታጅራ ማልያ ጋር አገጣጥመው ለጠፉት። ጋሽ ሳህሌ ደግሞ አንድ ሰው ጥርጣሬውን በተናገረ ቁጥር መሰላሉን ይዞ ይሄድና ይደመስሰዋል። ሐኪሙ ጠፉ፤ ባለባጃጁ ጠፋ። በእኛና በእሱ መሀል ያለችው ቆርቆሮ ያቺው ናት፤ እሱ ሬዲዮውን ያስጮኻል፣ አባቴ ተነሥቶ ሌላ ክፍል ይገባል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ እንደ ድሮው «ልጅት!» ይለኛል። አንገቴን ደፍቼ አልፈዋለሁ። ጠልቼው ነበር። ልጅ ሲጠላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነው።

አሮጌው ሜዳ ታጠረ። በአዲሱ ቦታ መሠረት ተቆፈረ፤ የተወሰኑ ብረቶች ቆሙ። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ውሃ ሞላ፣ ማሽኖቹም ሄዱ። ክለባችን ሜዳ ስላጣ የራሱን ጨዋታ በሰው ከተማ ይጫወት ጀመር። ደጋፊው እየሳሳ ሄደ፣ ቡድኑ ተሸነፈ፣ በመጨረሻም ወደ ታች ወረደ። አባቴ «ብያችሁ ነበር» አላለም። ሬዲዮ ላይ የኳስ ዜና ሲመጣ ያጠፋል፣ በቃ።

ክለቡ የወረደ ዕለት ሕዝቡ የሚመታው ነገር ፈለገ። ኮሚቴው ተበትኗል፤ ሰብሳቢው አዲስ አበባ ገብቷል። ሥዕሉ ግን እዚያው ነበር። በድንጋይ ደበደቡት። እሱ አልበቃ ሲላቸው በጠራራ ፀሐይ እየጨፈሩ ወደ መሥሪያው መጡ። «ቀጣፊ! ስታዲየማችንን አምጣ!» የቀለም ቆርቆሮዎቹን ረገጡ፤ ቀዩ ቀለም በቦዩ ወርዶ በራችን ደረሰ። ጋሽ ሳህሌ የሚለምን ሰው አይደለም። መሰላሉን አንሥቶ ገጠማቸው። ወዲያው ጣሉት።

አባቴ በራችን ላይ ቆሞ ነበር፣ ክንዶቹን አጣጥፎ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጣች።

«ደምስ! ሰው ሲገድሉ እያየህ?»

«ኮሚቴውን ይጥራ» አለ አባቴ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ድምፅ ከእሱ ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ በባዶ እግሯ በቀለሙ ውስጥ ገባች። «አንተ የዘይነባ ልጅ አይደለህም? ክንድህን አውርድ! አንተስ፣ እናትህ እዚህ መሆንህን ታውቃለች?» አንድ በአንድ በእናቶቻቸው እየጠራች በተነቻቸው። ከዚያ ጋሽ ሳህሌን ደግፋ ወደ ግቢያችን ቧንቧ አመጣችውና ግንባሩን ታጥበው ጀመር። አባቴ ወደ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። ሲዘጋ የተሰማው የመቀርቀሪያው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል።

«ለባልሽ ንገሪው» አላት ጋሽ ሳህሌ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ። «ይሠራል። እሱም እኔም ሳንሞት ይሠራል።»

«ዝም በል፣ ልጥረግልህ» አለችው እናቴ። እያለቀሰች ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ዕቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ወደ አረቅጥ ሄደ። ማንም አልሸኘውም። በመሥሪያው ቦታ የባነር ማተሚያ ተከፈተ፤ ማሽኑ ሽታ የለውም። በቤታችን ስሙ አልተነሣም።

ያለፈው ግንቦት ለክትባት ዘመቻ አረቅጥ ተላክሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ስንጨርስ ከተማውን ከሸፈነው ጉም ውስጥ የሰው ጩኸት ሰምቼ ወደዚያ ሄድኩ። ከተዳፋት ሥር ሜዳ አለ፤ የሁለት ቀበሌ ልጆች ይጫወታሉ። ተዳፋቱ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በደረጃ ተቆርጦ፣ እያንዳንዱ ደረጃ በጥርብ ድንጋይ ተደርድሯል። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ሞልቶበታል። ሽማግሌው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ተማሪው፣ አንዱ የሌላውን ጀርባ በጉልበቱ እየነካ። እኔም ክፍት ቦታ አግኝቼ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል፤ ሜዳው ግን ጉሙ ሲገለጥ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። አጠገቤ የነበሩትን አዛውንት ይህን ማን ሠራው ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሳህሌ የሚባል ነው የጀመረው። ወልቂጤ ሠዓሊ ነበር አሉ። ነፍሱን ይማር።»

መሞቱን የሰማሁት እንዲህ ነው።

አዛውንቱ ዓይናቸውን ከሜዳው ሳያነሡ ቀጠሉ። «ጭቅጭቁ አይጣል ነው። ድንጋይ ተሸክመሽ ስትመጪ ‹ይሄ ድንጋይ ነው?› ብሎ ይመልስሻል። ግማሹ ሰው እንደተጣላው ነው የሞተው። የተጣላውም ቢሆን ግን ድንጋዩን ማምጣት አላቆመም።» ከዚያ ዳኛው አንድ ነገር ሲያጠፋ ብድግ ብለው ሰደቡት።

ወልቂጤ ስመለስ እራት ላይ ለአባቴ ነገርኩት። አሁን ጡረታ ወጥቷል። ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ደረጃዎቹን፣ ጉሙን፣ አዛውንቱ ያሉኝን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆየና፣

«ሳህሌ እኮ አንድ ቀን ኳስ ተቀምጦ አይቶ አያውቅም» አለ። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ ነው የሚጨርሰው። እኔ ነበርኩ እግሬን የሚያመኝ።»

እናቴ ፊቱን ፊቱን እያየችው፣ «ሄደህ እየዋ» አለችው።

«ክረምቱ ይውጣ።»

ክረምቱ ወጣ፤ መስቀልም አለፈ። እስካሁን አልሄደም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አረቅጥ ላይ ሰው እዚያ ድንጋይ ላይ እየተጠጋጋ ተቀምጦ ዳኛውን ይሳደባል።