ሹካው ወዴት ዞሯል?

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... አንዲት እናት የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳዬን ጀርባዋን ሰጥታው እንደተቀመጠች አነበበችልኝ። አላጋነንኩም።

ለማታውቁኝ፣ የሕፃናት ዓይን ሐኪም ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ከአርባ ዓመት በላይ እዚህ ጅቡቲ ከተማ በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ የልጆችን ዓይን ስመረምር፣ ያየሁትንም በጥናት መልክ ስጽፍ ኖሬአለሁ። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሙቀቱ ሳይከፋ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ የሚመጡትን ልጆች አያለሁ።

ሰሌዳው ቀላል ነው። ፊደል ላልለዩ ልጆች ተብሎ፣ ሦስት ጣት ያለው ሹካ የሚመስል ምልክት በየመስመሩ ተሥሎበታል። አንዱ ወደ ላይ ዞሯል፣ አንዱ ወደ ግራ... ወደ ታች በወረዱ ቁጥር እያነሱ ይሄዳሉ። ልጁ አንድ ዓይኑን ይሸፍንና ሹካው ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ይህ ሰሌዳ ከወጣትነቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ። ጥጉ እንኳ አልታጠፈም፤ ዕቃ አያያዝ አውቃለሁ።

ናርዶስ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ተራዋ ደርሶ ቆመች። ከአምቡሊ ሰፈር ያመጣቻት እናቷ ሂሩት፣ ሰሌዳው ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ልጇን ፊት ለፊት ታያታለች። ልጅቷ አፍራ ዝም ስትል እናት ማንሾካሾክ ጀመረች።

«ላይ... ቀኝ... ታች... ታች... ግራ...»

«አንቺ፣ ፈተናው የልጅሽ ነው ያንቺ?» አልኳት ተቆጥቼ።

«ውይ፣ ይቅርታ ዶክተር፣ አመለጠኝ!» ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች።

የነቃሁት ከዚያ በኋላ ነው... ሰሌዳው ያለው ከኋላዋ፣ ከራሷ በላይ ነው። አንዴም ዞራ አላየችውም። መስመሩን ግን ሳትስት ጨርሳዋለች።

«ከየት አወቅሽው?»

ሳቀች። «ረሱኝ እንዴ ዶክተር? ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት መርምረውኛል እኮ! ተራ ስንጠብቅ ከፊት ያሉት ጮኸው ሲመልሱ እየሰማን ሁላችንም በቃላችን ያዝነው። እርስዎ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚናገር አይወዱም፤ ‹ድምፅሽን ከፍ አድርጊ!› ይሉን ነበር። እየዘለልን እንደ ዘፈን እንጫወትበት ነበር።»

እውነቷን ነው። እኔን ያስተማሩኝ መነኮሳት የሚያልጎመጉምን ልጅ እንዳልመለሰ ይቆጥሩት ነበር፤ በማስመሪያ ጣታችንን ይመቱን ነበር። እኔ ልጅ አልመታሁም። ድምፅ ግን አስጮኻለሁ።

ሰሌዳውን አወረድኩና ዘቅዝቄ ሰቀልኩት። ናርዶስን «አይዞሽ፣ በጣትሽ አሳዪኝ» አልኳት። በቀኙም በግራውም እስከ ትንሹ መስመር ደረሰች። ሁለቱም ዓይኖቿ ደህና ናቸው። እናቷ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

«በይ፣ አሁን አንቺ ነይ።»

«ባይሉኝም ልለምንዎት ነበር» አለች ሂሩት። የተማሪዎች ሚኒባስ ለመንዳት ሥራ አግኝታ፣ ለመንጃ ፈቃዱ ስትመረመር «ግራ ዓይንሽ አያይም» ብለው መልሰዋት ኖሯል። «ደከም እንደሚል አውቅ ነበር፤ እርስዎ ያኔ ደህና ነው ስላሉኝ ችላ አልኩት። መነጽር ቢያዙልኝ ይስተካከላል አይደል? እስከ ሰኞ ወረቀት ካላመጣሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል።»

ቀኝ ዓይኗን ሸፈንኩ። ከሁሉ ትልቁን ሹካ እንኳ አላየችውም። ሌንስ አደረግሁላት... አውጥቼ ሌላ... አውጥቼ ሌላ፣ ሳጥኑ እስኪያልቅ። ምንም። ዓይኗ ላይ የሚታይ ሕመም የለም፤ አእምሮዋ ግን በልጅነቷ በዚያ ዓይን ማየትን ሳይማር ቀርቷል። እኛ ሰነፍ ዓይን እንለዋለን።

«መነጽር አይረዳሽም ልጄ» አልኳት። «ይህ የሚታከመው በልጅነት ነው። ያኔ ቢደረስበት ደህናውን ዓይን እየሸፈንን ሰነፉን እናሠራው ነበር።»

«ያኔማ እርስዎ ፊት ቆሜ ነበር» አለች።

በክፋት አልነበረም። እንዲያው የሆነውን ነው የተናገረችው። ሌንሶቹን ወደ ሳጥናቸው መለስኩ።

«እንግዲያው እንደ ድሮው ‹ሁለቱም ደህና› ብለው ይጻፉልኛ» አለች ፈገግ ብላ።

«እያወቅሁ?»

«ሳያውቁ ጽፈውት የለ?»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ልጆች የሚጫኑበት ሚኒባስ ነው... አልጻፍኩም። እውነቱን ጻፍኩላት፤ እውነቱ ደግሞ ለእሷ ምንም አይሠራላትም። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ «ሰሌዳውን ግን ይቀይሩት፣ ዶክተር» አለችኝ። ናርዶስም «ሜርሲ!» ብላ አመስግናኝ እጇን አወዛወዘችልኝ።

ቤት እንደገባሁ የድሮ መዝገቤን አወጣሁ። አገኘኋት። «ቀኝ ደህና፣ ግራ ደህና» ይላል፣ በዚያ በምኮራበት የእጅ ጽሑፌ። ከጎኑም «ጎበዝ» ብዬበታለሁ። ሰነፍ ዓይን በከተማችን ልጆች ላይ ብዙም አይታይም ብዬ በጥናቴ የደመደምኩት ይህንኑ መዝገብ ይዤ ነው። ጉባኤ ፊትም ቆሜ አንብቤዋለሁ... ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ገጹን ገለጥኩ። ጎበዝ... ጎበዝ... ጎበዝ። አሁን የት ብዬ እፈልጋቸዋለሁ? ገሚሱ ከከተማው ዳር ሃያብለና ሆዳን ሰፈር ቤት ሠርቷል፣ ገሚሱ ባሕር ተሻግሯል። ባገኛቸውስ ምን አደርግላቸዋለሁ?

ስንቱ አይቶ፣ ስንቱ ሰምቶ እንደመለሰ መዝገቤ ላይ አልተጻፈም።