የመናዊው ጠጋኝ

የቤቱ ኮምፒውተር በየመሃሉ ድርግም እያለ ካስቸገረ ወዲህ፣ ማዳም «በእርጥብ ጨርቅ ወልውለሽ አበላሸሽው» እያለች ጥፋቱን በቤት ሠራተኛዋ በሰሊማ ላይ አላክካለች። ዛሬ ከሺፋ ሰፈር አንድ የመናዊ ጠጋኝ አስመጣች።

ሰውየው ቀጭን ነው፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ዓረብኛውን ያንበለብለዋል። የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ ሁለቱን የሜሞሪ ካርዶች ነቀለና ከኪሱ የተማሪ ላጲስ አውጥቶ የካርዶቹን ጫፍ እንደ ሕፃን ጥርስ ቀስ አድርጎ ፈተገው።

«ውሃ አልነካውም፤ አቧራ ነው» አላት ማዳምን። ሰሊማ ትከሻዋ ቀለላት።

ካርዶቹን መልሶ ሲያበራው ማዳም የልጆቿን ጌም ከፈተችበት። እንደ ትናንቱ አልጠፋም። ያኔ ሰውየው በለሆሳስ፣ «እሰይ የኔ አንበሳ» አለ፤ ጥርት ባለው በሰሊማ አገር በወሎ አማርኛ።

ሰሊማ ክው ብላ አየችው። እሱም በዓይኑ ለመናት። እንጀራው በየመናዊነቱ ላይ እንደቆመ ገባትና ሻዩን ስኳር አብዝታ አቀረበችለት።

ሲሄድ ማዳም፣ «የየመን ሰው እጁ ወርቅ ነው» አለች።

«እውነትሽን ነው ማዳም» አለች ሰሊማ ብርጭቆውን እያነሳች፤ «ያገሩ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው።»