ዶክተር ኪላኒ የራሱን ከፈን የተሸከመ ቀን

ዶክተር ኪላኒ ጊርጋ በምትባል ከተማ ሃያ ዓመት ጥርስ ሲነቅል እጁ ቀላል ነበር፤ ሕፃን እንኳ አያስለቅስም ይሉታል። ያ ሁሉ ምስጋና ቀርቶ በአንድ የበዓል ሰሞን ነፍሰ ገዳይ ተባለላችሁ።

ሐጅ ደርዲር በፀደይ በዓል ዋዜማ እሱ ዘንድ መንጋጋውን አስነቀለ። በሦስተኛው ቀን ምላሱ ተሳሰረ፣ አንዱን ሰው ሁለት አድርጎ ያይ ጀመር፣ ሞተ።

"የማደንዘዣው መርፌ ነው!" አለ ወንድሙ ሐምዳን፣ ጠመንጃውን እየወለወለ።

እዚያ አገር ደም የሚመለሰው በደም ነው። አለዚያ ገዳዩ የራሱን ከፈን፣ የሚገነዝበትን ጨርቅ፣ ይዞ ሟች ቤት ይሄዳል፤ ይቅር ተባብለው አብረው ይበላሉ።

ሽማግሌው ሼኽ ዐዋድ ኪላኒ ዘንድ መጡ። "ልጄ፣ ከፈን ይዘህ ሂድ።"

"አልገደልኩማ!"

"ማን ገደልክ አለህ? ተሸከም ነው ያልንህ።"

"ከተሸከምኩ አምኛለሁ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ማን አፉን ይከፍትልኛል?"

"ከሞትክስ የማንን አፍ ትከፍታለህ?"

ኪላኒ ተነሥቶ ከፈን ሊገዛ ሄደ። የጨርቅ ነጋዴው ቁመቱን ለክቶ፣ "ትንሽ ልጨምርልህ፣ ሲታጠብ ይሰበሰባል" አለው።

ከፈኑን ተሸክሞ ባዶ እግሩን ሟች ቤት ሄደ። ሐምዳን ከፈኑን ተቀብሎ አቀፈው፤ ገበታ ቀረበ። ሟቹ ለብቻው ደብቆ ይበላት የነበረች አንዲት ማሰሮ ነበረች፤ ለበዓሉ በጨው የከረመ ዓሣ፣ ፈሲኽ። ሐምዳን ለእንግዳው ክብር እሷን አስወጣ። አንድ ጎረሰና ለኪላኒ ዘረጋ።

"የወንድሜ ነፍስ ነበረች። በል፣ ዛሬ ደግሞ አንተ አፍህን ክፈት!"

የሟች ሚስት ነዕማት ከጓዳ ዘላ ወጥታ የሐምዳንን እጅ መታች።

"አትብላው!"



"ለምን?" አለ ሐምዳን።

"ተበላሽቷል" አለች እያለቀሰች። "ለደርዲርም ነግሬው ነበር፤ 'ገና አሁን ጣመ' አለኝ። ጨው ያሳነስኩት እኔ ነኝ። ገደልሽው እንዳትሉኝ ፈራሁ።"

ሐምዳን ሆዱን ያዘ። "እኔ እኮ ውጬዋለሁ!"

ምላስ ያሰረው፣ አንዱን ሁለት ያሳየው የዓሣው መርዝ መሆኑ ለኪላኒ ያኔ ገባው፤ ሐምዳንን ጎትቶ በገዛ መኪናው ውስጥ ከተተው፤ ወደ ሆስፒታል በረሩ።

"ንዳው ዶክተር! ብሞት ልጆቼ አንተ ገደልከው ነው የሚሉህ!"

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ዝም በልና ተንፍስ!"

ሐምዳን ዳነ። ገበያ መሀል ቆሞም "ሐኪሙ ንጹሕ ነው" ብሎ ጮኸ። ነዕማትንም "ደርዲርን የገደለው ሆዱ ነው" ብለው ተዉአት፤ ምስኪን፣ ከዚያ ወዲያ ዓሣ አልነካችም። ኪላኒ ደግሞ እርጅና እስኪጥለው ድረስ "ዛሬ ማታ ምን ልትበላ ነው?" ሳይል ሰው ከወንበሩ አላስነሳም።