ጥቁሩን መነጽር ያደረግሁ ቀን

ከጅቡቲ ይዣቸው ከመጣሁት ዕቃዎች ውስጥ ደሴ ላይ ምንም ሥራ ያልነበራቸው ሁለት የመጥለቂያ መነጽሮች ናቸው። ስድስት ዓመት ቱሪስት እየጫነች ባሕር ላይ በምትውል ጀልባ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። እንግዶቹ ሲጠልቁ ብቻዬን ወጥ ቤት መቀመጥ ሰለቸኝና መጀመሪያ መዋኘት፣ ቀስ እያልኩም መጥለቅ ተማርኩ። ያስተማሩኝ የጀልባዋ ዋና ጠላቂ፣ ሽበታም የመናዊ ሰው ነበሩ።

መነጽሮቹ በመስተዋታቸው አንድ ናቸው። የሚለያዩት መስተዋቱን ከፊት ጋር በሚያጣብቀው ለስላሳ ጎማ ነው። የአንዱ ጎማ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ነው፤ የሌላው ድፍን ጥቁር። የመጀመሪያ ቀን ሰውየው ጥቁሩን ሲያደርጉልኝ ፊቴን ጉድጓድ ውስጥ የከተቱብኝ መሰለኝ። ግራ ቀኜ ጨለመ፣ ትንፋሼ አጠረ፣ ውኃ ሳልነካ አውልቄ ጣልኩት። ሳቁና ነጩን ሰጡኝ። በእሱ ብርሃኑ ከጎንም ስለሚገባ ወዲያው ቀለለኝ።

"ይሄ ለሽርሽር ጥሩ ነው፤ ጥቁሩ ግን ለሥራ ነው" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሥራዬ ሽንኩርት መክተፍ ነው ብዬ ያን ሁሉ ዓመት በነጩ ገፋሁ። ስሰናበታቸው አዲስ ገዝተው ስለነበር ያንን ጥቁሩን "ውሰጂው" አሉኝ። እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ወሰድኩት እንጂ አንድም ቀን አላደረግሁትም።

አሁን የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ ፋብሪካ ክር ክፍል ውስጥ ነው። ጠዋት ከደሴ በሰርቪስ እወርዳለሁ፣ ሥራ ስንወጣ ዳገቱን እመለሳለሁ። ከጎኔ ያለውን ማሽን የምትይዘው ጓደኛዬ የሐይቅ አካባቢ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ ቤት ከውኃው ዳር ብዙ አይርቅም። በምሳ ሰዓት ስለ ባሕሩ ስነግራት "ውሸትሽን ነው!" እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ እሑድ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ልክ አልነበረም።

"አባባ ከትናንት ጀምሮ የሉም" አለችኝ። "ለአስር ሶላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ሐይቁ ዳር ወርደው ነበር። ጫማቸው፣ ከዘራቸውና ጋቢያቸው ድንጋይ ላይ ተገኘ። እሳቸው የሉም።"

"ሌላ ቦታ ፈለጋችሁ?"

"መንደሩን ሁሉ አዳረስነው። ዓሣ አጥማጆቹ በረጅም እንጨት ውኃውን ሲነካኩ ቆዩ፤ ምንም የለም። አንቺ ውኃ ውስጥ ማየት ትችያለሽ፤ አይደል?"

"እችላለሁ" አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። እኔ ውኃ ውስጥ አይቼ የማውቀው ቀለም ያላቸውን ዓሣዎች ነው። ሰው ፈልጌ አላውቅም።

ሁለቱን መነጽሮች አልጋዬ ላይ አስቀምጬ ቆምኩ። የሐይቁ ውኃ እንደ ባሕሩ ጥርት ያለ አይደለም፣ አረንጓዴ ነው። ለሥራ የትኛው እንደሚሻል ሳይነገረኝ ቀርቶ አይደለም። ግን እዚያ ጨለማ ጎማ ውስጥ ፊቴ ተቀብሮ ያንን የምፈልገውን ነገር ድንገት ባገኘውስ? ነጩን አነሣሁ። በሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ ጥቁሩንም ከነጩ ጋር ፌስታል ውስጥ ጨመርኩትና ከፒያሳ ወደ መናኸሪያ ባጃጅ ያዝኩ።

በሚኒባስ ሐይቅ ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ሐይቁ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ጓደኛዬ እናቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ዕቃዎቹን ማንም ደፍሮ አላነሣቸውም፤ እንደተገኙ ድንጋዩ ላይ ናቸው። የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ረጅም ሰው፣ ወደ እኔ መጡ።

"ልጄ፣ የምትገቢው አንቺ ነሽ?"

"አዎ፣ አጎቴ።"

"ትፈሪያለሽ?"

"እፈራለሁ።"

"ደግ። ፍርሃት የሌለውን ሰው ውኃ ውስጥ አላስገባም ነበር።" ዞር ብለው ጮኹ፤ "ወንዶች፣ ከዛፉ ወዲያ! ጀርባችሁን ስጧት!"

ከአጎትየው በቀር ወንዶቹ ሁሉ ሄደው ጀርባቸውን ሰጡ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰፊ ሱሪና ረጅም ሸሚዝ ለብሻለሁ። ጨርቅ ከጎማው ሥር ከገባ ውኃ ያስገባልና ሻሼን ከግንባሬ ወደ ኋላ ሸሸት አድርጌ አሰርኩት። ገመድ ወገቤ ላይ ታሰረ፤ ጫፉን ጓደኛዬ ያዘች። ነጩን መነጽር አደረግሁ።

ዳሩ ላይ ውኃው ከቁመቴ ብዙም አይበልጥም ነበር። ግን ፀሐይዋ ወጥታለች። ብርሃኑ በነጩ ጎማ በኩል ከጎንና ከኋላ እየገባ መስተዋቱን ሞላው። ከፊቴ የማየው የራሴን ዓይን ነው፤ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ጭጋግ። እጄን ዘርግቼ ስሄድ አንድ ነገር ጣቶቼን ነካኝ። ጮህኩ፤ ውኃ ዋጥኩ፤ ወጣሁ። የደንገል ሥር ነበር።

"አየሻቸው?" አለች ጓደኛዬ።

"አላየሁም።"

"የሉም ማለት ነው?"

የሉም ማለትና አላየሁም ማለት አንድ አይደለም። አፌን ሞልቼ "የሉም" ብላት ይቺን እናትና ልጅ ባላየሁት ነገር ማጽናናቴ ነው። "ጥቂት ቆዪ" አልኳትና ወደ ፌስታሉ ሄድኩ።

ጥቁሩን አነሣሁት። መስተዋቱን በምራቄ አሸሁት፣ ቢስሚላህ አልኩ፣ አደረግሁት። ያው የድሮው ጨለማ መጣ። ላወልቀው እጄን ሰደድኩ። አጎትየው አጠገቤ ቆመው፣

"አብሽሪ፣ ልጄ። ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። የሚያጣድፍሽ የለም" አሉኝ።

አምስት ጊዜ ተነፈስኩ። ስድስተኛው ላይ ገባሁ።

ውኃ ውስጥ ነገሩ ተለወጠ። ከጎን የሚመጣው ብርሃን ቀረ፣ የራሴ ዓይን ከመስተዋቱ ጠፋ፣ የሐይቁ ወለል ወደ እኔ የቀረበ ያህል ሆነ። ድንጋዩን ከጭቃው ለየሁ። የተቀደደ መረብ አየሁ፣ ጀሪካን አየሁ፣ ትንንሽ ዓሣዎች ሲበተኑ አየሁ። ከደንገሉ ሥር ደግሞ አንድ ነጭ ነገር ተኝቷል።

ወጥቼ አየር ልውሰድ አልኩ፤ ከወጣሁ እንደማልመለስ ስለገባኝ ግን ቀጥ ብዬ ሄጄ ያዝኩት። ጭቃ የሞላው የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ከረጢት የወደድኩት ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ከድንጋዩ እስከ ዛፉ፣ ከዛፉ እስከ ደንገሉ ማዶ፣ እየወጣሁ እየገባሁ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ጥልቁ እስከሚጀምርበት ድረስ ሄድኩ። ስወጣ ከንፈሬ በብርድ ጠቁሯል አሉ።

"ዳር ዳሩን አይቼዋለሁ" አልኩ። "እዚህ የሉም።"

ጓደኛዬ ገመዱን እንደያዘች መሬት ላይ ተቀመጠች። እናትየው "ያ ረቢ፣ ያ ረቢ" ይላሉ። አጎትየው ግን ጢማቸውን እየዳበሱ፣

"ውዱእ የሚያደርግ ሰው ጥልቅ ድረስ አይሄድም" አሉ። "እዚህ ከሌለ፣ በእግሩ የሄደበት አለ።"

ገና ልብስ ሳልቀይር ነው ስልካቸው የጮኸው። ቁጥሩ የማያውቁት ነው። ሲያዳምጡ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ከዚያ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት።

"ቢስቲማ፣ እኅቴ ቤት ነኝ" ይላል የሽማግሌ ድምፅ፣ ተቆጥቶ። "ማታ ሙሉ ብደውል አንዳችሁም አታነሡም! ኔትወርኩ ነው እናንተ ናችሁ?"

ጓደኛዬ ጮኸች። እናቷ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። ከዛፉ ወዲያ ያሉት ወንዶች ጀርባቸውን እንደሰጡ "ምንድነው? ምንድነው?" ይላሉ፤ ዞር በሉ ያላቸው ሰው አልነበረማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ውዱእ አድርገው ሳይጨርሱ ወደ ቢስቲማ የሚሄድ አይሱዙ መንገድ ላይ ቆሞ ሾፌሩ ጠራቸው። እዚያ ያለችው እኅታቸው በጠና ታማለች፣ "በሕይወት ከደረሱላት ቶሎ ይውጡ" አላቸው። ሽማግሌው ስለ ጫማም ስለ ከዘራም ሳያስቡ፣ በእርጥብ እግራቸው ሮጠው የመኪናው ጋቢና ውስጥ ገቡ። ለሚስታቸው እንዲነግር የላኩት አንድ መንገደኛ ነበር፤ እሱ ደግሞ ረስቶ ይሁን ቤቱን አጥቶ፣ መልእክቱን አላደረሰም። እኅታቸው አድራ ጠዋት ተሽሏት ሾርባ ጠጥታለች።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አጎትየው፤ ደግመው ደጋግመው። ከዚያ እኔን አይተው፣ "ይቺን ልጅ አልብሱልኝ፣ ሞተችብን እኮ!" ብለው ሳቁ። ሁሉም ሳቀ፤ ያን ያህል የሚያስቅ ሆኖም አይደለም።

የጎረቤት ሴት ሁለት የእኔን ዓይነት የሚይዝ ቀሚስ አለበሰችኝ። ዓሣ ተጠበሰ። እንደዚያ ቀን በልቼ አላውቅም። ከዙህር ሶላት በኋላ ሽማግሌው በሰው ሰንደል ጫማ መጡ፤ ሚስታቸው ሲቆጧቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። የኔን ነገር ሲነግሯቸው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

"በየትኛው መነጽር ነው የፈለግሽኝ?" አሉኝ።

ነጩን አሳየኋቸው፣ ምንም እንዳላየሁበት ነገርኳቸው። ጥቁሩን ደግሞ ሰጠኋቸው። ፊታቸው ላይ አድርገው ግራ ቀኝ ዞሩ።

"ይቺማ የጋሪ ፈረስ መከለያ ናት" አሉ። በወጣትነታቸው ኮምቦልቻ ጋሪ ይነዱ ነበር። "የፈረሱን ዓይን ከጎን የምንከልለው እንዳያይ መስሎሻል? እንዳይደነብር ነው። ፊት ለፊቱን ብቻ ሲያይ መኪና መሐል ይገባል።"

"እኔ ግን መጀመሪያ ያስደነበረኝ እሱ ነው፣ አባባ።"

"ፈረሱም መጀመሪያ ቀን ይራገጣል" አሉኝና መነጽሩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው መለሱልኝ። "አንቺ በሰላም ወጥተሻል፣ እኔም እዚህ ነኝ። ለይቺ መነጽር አላህ ከዚህ የበለጠ ሥራ አይስጣት።"

"አሚን" አልን።

ወደ ደሴ የተመለስኩት በዚያ ሰፊ ቀሚስ፣ እርጥቡን ልብሴን በፌስታል ይዤ ነው። ጓደኛዬ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። ሚኒባሱ ሲመጣ "ሁለተኛ ውሸትሽን ነው አልልሽም" አለችኝ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ፌስታሉን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ገና ዳገቱን ሳንጀምር እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ረዳቱ ትከሻዬን ነካ አድርጎ "እኅቴ፣ ደሴ ገብተናል" እስኪለኝ ድረስ ምንም አልሰማሁም።