ኤሊዋና ጠባቡ ዋሻ

ልጅ ሳለሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መብራት በጠፋ ቁጥር የግቢያችን ልጆች ጎረቤታችን ጋሽ በላቸው ቤት እንሰበሰብ ነበር። ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ፤ ኩራዙን ከፍ አድርገው ይሰቅሉና፣ የፍሙን አመድ በእንጨት እየገፈፉ፣ የእኛም ዓይን በጭሱ እያለቀሰ፣ ሁልጊዜ ያንኑ የዋሻ ተረት ይነግሩን ነበር።

እንጦጦ ላይ በረዶ ሲወርድ እንስሳት ሁሉ ወደ አንድ ጠባብ ዋሻ ሮጡ። ጦጣ በሩ ላይ ቆማ ዳኛ ሆነች። እህቷ ውስጥ ያለች ቀበሮ ገባች፣ የዋሻው ጎረቤት የሆነችው ጥንቸል ገባች። ኤሊ ከሁሉም ቀድማ ተነስታ ከሁሉም ኋላ ስትደርስ የቀረው የአንድ እንስሳ ቦታ ነበር፤ እሱንም እዚያው ዋሻው ሥር የምትኖር፣ ግልገሏን ስትፈልግ የዘገየች ሚዳቋ ፈልጋዋለች። ጋሽ በላቸው እዚህ ላይ ያቆሙና «እህስ፣ ማን ይግባ?» ይሉናል።

እንጯጯሃለን። እኔ ሁልጊዜ የሚዳቋ ወገን ነበርኩ። «ኤሊ ቤቷን ተሸክማ የለ እንዴ?» ስል፣ «ቤት ያለው አይበርደውም ያለሽ ማነው?» ብለው ይስቁብኛል። መልሱን ግን ነግረውን አያውቁም፤ መብራት ሲመጣ ተረቱም እዚያው ይቀራል። ያኔ ይህ በጣም ያናድደኝ ነበር።

ዛሬ ቀበና አካባቢ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል ተማሪዎችን እመዘግባለሁ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ እህት ወንድም ያለው፣ ቀጥሎ ቤቱ የሚቀርብ። ዘንድሮ አንድ ቦታ ሲቀር ሁለት እናቶች ፊቴ ቆሙ። የአንደኛዋ ቤት ከበሩ ላይ ይታያል፤ ዳቦ ሸጣ የምታድር ናት፣ ልጇን ሩቅ የሚያደርስላት የለም። ሌላዋ ትንሽ ልጇን ይዛ ከእንጦጦ ወርዳለች፤ የልጅቷ ጫማ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ቤትዎ የት ነው?» አልኳት።

«ላይ ነው፣ የኔ እህት። የኛው ሰፈር ሞልቷል ብለውኝ ነው። ሳይነጋ ነው የተነሳነው።»

መቼ ተነሳችሁ የሚል ጥያቄ ደንቡ ውስጥ የለም። ቦታውን ለቅርቡ ልጅ ሰጠሁ። ትክክል ነው፤ ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። የእንጦጦዋ እናት አልተከራከረችኝም፤ «እሺ» ብላ የልጅቷን ሹራብ ቆለፈችላትና ዳገቱን ተያያዙት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ደክሞኛል።

ጋሽ በላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ያኔ በዚያ ፍም ዙሪያ ማን ይግባ እያልን ስንጣላ፣ ዋሻው ለምን ጠበበ ብሎ የጠየቀ ልጅ አልነበረም። እኔም ሳልጠይቅ አደግኩ፤ ይኸው በየዓመቱ በሩ ላይ ቆሜ «ማን ይግባ?» እላለሁ።