ያላየሁት ግራ እግር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ልናገር ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾም ሽሬያለሁ፣ ሰው አምቻለሁ እያልኩ ቀላል ቀላሉን ዘርዝሬ ተመልሻለሁ። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኝ ይሆናል። እኔ የአንድ ሰው እግር ሳላይ አይቻለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

በፈረንጆቹ 2021 መገባደጃ ላይ የእግር ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ላስ ቬጋስ፣ ፓራዳይዝ የሚባለው አካባቢ ወላጆቼ ወደሚኖሩበት አፓርታማ ለአንድ ወር ተመለስኩ፤ የእግር ቀዶ ሐኪሞች በሚሠለጥኑበት ሆስፒታል ሮቴሽን የሚሉት የተግባር ልምምድ ነበረኝ። ሮቴሽን ይባል እንጂ የአንድ ወር ፈተና ነው። ማን ቀድሞ መጣ፣ የማን ኪስ ውስጥ መቀስና ፋሻ አለ፣ ማን ሳይጠየቅ ቁስል ፈታ፣ ሁሉም ይታያል። ስንመረቅ ለሥልጠና የሚወስዱት ጥቂት ሰው ብቻ ነው። ከነዚያ ጥቂቶች አንዷ ለመሆን የማላደርገው ነገር አልነበረም።

የተማሪ ዋና ሥራ ቀላል ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሲመጣ ሁለቱም ጫማ፣ ሁለቱም ካልሲ ይወልቃል። በጣቶቹ መሃል ይታያል፣ ውስጥ እግሩ ይታያል፣ በቀጭን የናይሎን ክር አስር ቦታ እየተነካ ይሰማው እንደሆነ ይጠየቃል። ስኳር እግርን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ምስማር ቢረግጥ እንኳ ላያውቅ ይችላል። ስለዚህ "ደህና ነኝ" ቢል አይታመንም። ይህን ከማንም በላይ አውቀው ነበር፤ በቃሌ ተፈትኜበታለሁ።

ጋሽ ጌታሁን የመጡት በሁለተኛው ሳምንቴ ነው። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ኤርፖርት መንገደኛ በዊልቼር ሲገፉ የሚውሉ፣ ስኳር ከያዛቸው የቆየ ሰው ናቸው። የቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ወደ ሥጋ ገብቶ አስቸግሯቸዋል። አማርኛ ስናገር ሲሰሙ ከማስካቸው በላይ ዓይናቸው ሳቀ። የቀኙን ጫማ ራሳቸው አወለቁ። ወደ ግራው ጎንበስ ስል እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ተይ ልጄ፣ ዶክተር ሆነሽ እግሬ ሥር አትንበርከኪ። ይሄኛው ደህና ነው፣ ምንም የለው።"

ታላቅን አክብሬ ነው፣ ሽማግሌን ማሳፈር ነውር ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አጽናንቻለሁ። ውሸቴን ነው። አክብሮት ቢሆን ኖሮ ለምኜ አስወልቃቸው ነበር፤ አባቴ ቢሆኑ እንዲያ አደርግ ነበር። ያን ጠዋት የምታሠራኝ ረዚደንት፣ ሥልጠና ላይ ያለች ሐኪም፣ "ቶሎ ከጨረስሽ ኦፕራሲዮን ትገቢያለሽ" ብላኝ ነበር፣ እኔም ቸኩያለሁ። ይኸው ነው። የግራ ካልሲያቸው በትንሿ ጣት በኩል ረጠብ ብሏል። አይቼዋለሁ። ሲሄዱ የሚውሉ ሰው ናቸው፣ ላብ ነው አልኩ። ላብ እንዳልሆነ የጠረጠረ ነገር ውስጤ አልነበረም? ነበር። እኔ ነኝ ዝም ያሰኘሁት።

ኮምፒውተሩ ላይ፣ ሁለቱም እግሮች ታይተዋል፣ ቆዳቸው ደህና ነው፣ አስሩም ቦታ ይሰማቸዋል ብዬ ጻፍኩ። ረዚደንቷ ጥፍራቸውን ሠርታ፣ እኔን አምና ፈረመች። እኔ ኦፕራሲዮን ገባሁ። የሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ሲሠራ መሣሪያ ይዤ ቆምኩና "ጎበዝ" ተባልኩ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ያንን ደስታዬን እስከ ዛሬ እጸየፈዋለሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት እያንቀጠቀጣቸው በድንገተኛ ክፍል ገቡ። ግራ እግራቸው ከትንሿ ጣት ሥር ተበስቷል፤ ሽታው ማስክ አያግደውም። አጥንቱ ድረስ ዘልቋል። ሁለት ጣቶቻቸው ከእግራቸው ጎን ጋር ተቆረጡ።

በማግስቱ ዋናው ሐኪም አልጋቸው አጠገብ ፋይሉን ከፍቶ፣ ይህን ግራ እግር ያየው ማነው ሲል ጠየቀ። ስሜ እዚያው ተጽፏል። አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልናገር ነበር? ነበር ብዬ መማል አልችልም። ጋሽ ጌታሁን ቀደሙኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው፣ እሷ በሚገባ አይታኛለች፣ ያን ቀን ደህና ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ያላየሁት እኔ ነኝ አሉት። ከዚያ ወደኔ ዞር ብለው፣ በአማርኛ፣ ቀስ አድርገው ተናገሩ።

"ዝም በይ ልጄ። እንጀራሽ ነው።"

ዝም አልኩ። ሐኪሙም በሽተኛው እግሩን አይከታተልም ብሎ ጻፈ።

ልጃቸው ቤዛ እዚያው ቬጋስ ተወልዳ ያደገች ናት። ከካዚኖ ሺፍቷን ጨርሳ ከነዩኒፎርሟ መጣች፤ እያለቀሰች ተቆጣቻቸው።

"ዳዲ፣ ለምን ቼክ አታደርግም? ዶክተሯ ኦኬ ነው ብላ ነበር! አንተ ራስህን ኬር አታደርግም፣ ኔቨር!"

"እውነትሽን ነው፣ የኔ ጥፋት ነው" አሏት አንገታቸውን ደፍተው። የገዛ ልጃቸው ፊት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ። ቤዛ ስትወጣ አባቴን በደንብ አየሽልኝ ብላ አቅፋኝ አመሰገነችኝ።

የሆስፒታሉ የሥልጠና ፕሮግራም ተቀበለኝ። ዛሬ ሐኪም ነኝ። ጋሽ ጌታሁን ዊልቼር መግፋት አልቻሉም፤ ሥራቸውን ትተው ቤት ዋሉ። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ቤዛ እየቀለደች "እሱ እኮ እግር እንዳለው ይረሳል" ትላለች። ሰው ይስቃል፣ እሳቸውም ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

እሳቸውን ይቅርታ ብጠይቅ ገና ሳልጨርስ "ተይው ልጄ፣ እግዜር ይቅር ይበልሽ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። እሳቸው ሳልጠይቃቸው ቀድመው ይቅር ብለውኛል። ዕዳዬ ለቤዛ ነው። እኔ ለሥራዬ ስል አባቷ በእሷ ዓይን የነበራቸውን ክብር ገፈፍኩ፤ ለመመለስ የሚያስፈልገኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ አሁንም ነው። ተማሪ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር አልልም። ዛሬ ተማሪ አይደለሁም፣ ማንም ከሥራ አያባርረኝም፣ አሁንም አልነገርኳትም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ "አንቺ ባትኖሪ ዳዲ እግሩን በሙሉ ያጣ ነበር" አለችኝ።

አመሰግናለሁ አልኳት።